አብዱልሃዲ ስለ ትራፓኖው ያልተናገረው ነገር

መዳፉን ነዘረው...

አብዱልሃዲ አዲሱን የኤሌክትሪክ መብሻ፣ ትራፓኖውን፣ ቶሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

ላብ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት መቼም ይታወቃል... ጥላ ውስጥ ተቁሞም ያልባል።

ደግሞ ሞከረው። ደግሞ ነዘረው። ትንሽ ነው... ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ትራፓኖው ብረት አካል እያፈተለከ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። አብዱልሃዲ በከተማው የእንጨትና የብረት ሠራተኞች ማህበር ውስጥ ሁሉም የሚተማመንበት ባለሙያ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጓድ ጌታቸው ትራፓኖውን ከአዲስ አበባ ለሙከራ አስመጥተው፣ ደህና አድርጎ እንዲፈትሸው ነግረውታል። እሱ ይሁን ካለ ይቀራል፣ ካላለ ይመለሳል።

ከተመለሰ ደግሞ ሌላ መምጣቱ ያጠራጥራል። አብዱልሃዲ በእጅ የሚዞረውን መብሻ ሲያሽከረክር ትከሻው አልቋል...

ስብሰባው ላይ ተነስቶ ተናገረ።

ወይራውን እንደ ቅቤ እንደሚበሳው... ወፍራም ብረት ላይም ጉልበቱ እንደማይደክም... ለእንጨት ፈጠን፣ ለብረት ዘግየት እንደሚል... ሞተሩ ቶሎ እንደማይግል... ገመዱም ከሶኬቱ እስከ በሩ እንደሚደርስ። ክብደቱ ብቻ ክንድ ያዝላል አለ።

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ንዝረቱን ግን አላነሳም።

ተጨበጨበለት።

ከዚያ ወዲያ እሱ ትራፓኖውን ሲይዝ ደረቅ ሳንቃ ላይ ይቆማል። የጎማ ጫማውን ሳያደርግ አይነካውም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተነፈሰም።

ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል... ነገ ይመጣል፣ ያልፋል።

አብሮት የሚሠራው ሙሄ ደግሞ ከትራፓኖው የማይለይ ሰው ሆነ። ሌላው ሊበሳ ሲነሳ ይቀድመዋል። ባሏ ሞቶባት እዚያው ማህበር ውስጥ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድገው ራቢዓ ስታነሳው፣ እኔ ልብሳልሽ ብሎ ይወስድባታል።

ሰዉ ሙሄን ትራፓኖው ለከፈው እያለ ይስቅበት ነበር። አብዱልሃዲም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሰዓት ደርሶ ሙሄ ውዱእ አድርጎ፣ እጅ እግሩን ታጥቦ ተመለሰ። በባዶ እግሩ ነው፤ ከክንዱ ውሃ ይንጠባጠባል።

ራቢዓ ለአቧራው ብለው ውሃ የረጩት ወለል ላይ ቆማ እጇን ወደ ትራፓኖው ዘርግታለች...

አብዱልሃዲ ከማዶ አያት። ተይ ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ለምን ብትለውስ? ምን ሊመልስ ነው?

እሱ መልስ ሲያሰላ ሙሄ እርጥብ መሆኑን ረስቶ ዘሎ ቀደማትና ትራፓኖውን ያዘው።

ድምፅ እንኳ አላሰማም። ተገትሮ ቀረ...

አብዱልሃዲ ሮጦ ገመዱን ከሶኬቱ ሲነቅለው ሙሄ ወደቀ።

ነፍሱ ተረፈች። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ተቃጥለው እንደታጠፉ ቀሩ።

ምርመራ ተጀመረ። አሻጥር የሚል ቃል ተነሳ... በዚያ ዘመን በዚህ ቃል ተወስዶ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ጓድ ጌታቸው ጤና ጣቢያ ድረስ ሄደው ሙሄን ጠየቁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእርጥብ እጄ ነካሁት አላቸው። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አብዱልሃዲ ግን እህል አልወርድ አለው። ሶላት ላይ ቆሞ የቱ ጋ እንደደረሰ ይጠፋበታል። አላስችል ሲለው ሙሄ ቤት ሄደ።

"ሙሄ... ያ ዕቃ እንደሚነዝር አውቅ ነበር። አፉ በለኝ።"

ሙሄ በግራ እጁ መቀመጫ ሳበለት።

"እኔም አውቅ ነበር" አለው።

"የመጣ ሰሞን ነዝሮኛል። ሳንቃ ላይ ስትቆም ሳይህ ደግሞ አንተም እንደምታውቅ ገባኝ። ብናገር አንተን ይወስዱሃል... ልጆችህን አሰብኩ። አንተው እስክትናገር ድረስ ሌላ ሰው እንዳይነካው ብዬ ነው እኔ የያዝኩት።"

አብዱልሃዲ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

በማግስቱ ማህበሩ ፊት ቆሞ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ታሰረ። ሲፈታ ማህበሩ መልሶ አልተቀበለውም፤ ከከተማው ወጥቶ ቀወት ገጠር ገባና ማሽላ አራሽ ሆነ።

ሙሄ በገበያ ቀን ሲያገኘው ግራ እጁን ዘርግቶ ይጨብጠዋል። ልጆቹን ይጠይቀዋል። ስለዚያ ቀን አንዴም አንስቶበት አያውቅም።

አብዱልሃዲን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው... ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

ወዳጆቼ... ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ፣ በዋጠው አንድ ቃል ብቻ ሊዋሽ ይችላል። አደጋ እያወቃችሁ ለራሳችሁ ብቻ አትጠንቀቁ። ለሌላውም ተናገሩ... ሳይረፍድ።

ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል...

ሙሄ ወዳጁን ለማትረፍ ብሎ ዝም ማለቱ ልክ ነበር? ወይስ እሱም የጥፋቱ ተካፋይ ነው?

እናንተስ በሙሄ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ... አነበዋለሁ።