የፎጣ ዳክዬ

«ፎጣዬን እንዳትወስጂብኝ!» አሉ እንግዳዋ የመኝታ ክፍላቸውን በር እንደከፈቱ። የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ክው አለች። «እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም፣ እማማ።» አሮጊቷ በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። «ኧረ በሞትኩት! ትናንት አንዴ የተጠቀምኩበት ፎጣ ለምን በከንቱ ይታጠባል ብዬ ነው። እኔ የመጣሁት ሐይቁን ለማየት እንጂ የሳሙና እጣቢ ላስደፋበት አይደለም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው በዚያ ቀን ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ አልጋ ላይ በታጠበ ፎጣ የተሠራች ዳክዬ ካላየች ክፍሉ ተሰናድቷል አትልም። «እማማ፣ ዳክዬዋ ከሌለች እኔም የለሁም» አለች።

«ታዲያ በዚሁ ሥሪያታ!»

«እርጥብ እኮ ነው።»

«ዳክዬ መቼ ደርቃ ታውቃለች?»

ልጅቷ ፎጣውን ጠቀለለች፣ አጠፈች፣ አንገቱን ቀና አደረገች። አንገቱ ቀስ ብሎ ተደፋ። ብታቃናውም መልሶ ተደፋ። አሮጊቷ በትራስ ሊደግፉላት ጎንበስ ሲሉ ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ደረሰች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?»

ልጅቷ አሮጊቷን አየች፤ በአፍንጫዋ አልጋ ልብሱ ላይ የተደፋችውን ዳክዬም አየች። «ውኃ እየጠጣች ነው» አለች በመጨረሻ።

ተቆጣጣሪዋ ከንፈሯን ብትነክስም ሳቋ አመለጣት። ፎጣውን ሳታስቀይር ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች፤ ልጅቷም በማግስቱ እንደወትሮዋ ሥራ ገባች።