አከራዬን ፍለጋ

ቤቶች ራሳቸውን ማከራየት ከጀመሩ ወዲህ የባለቤቱን ስም ማወቅ ክልክል ነው። ዛሬ ጠዋት በሩ «ውልሽ አልቋል» ብሎ እኔንም እናቴንም ውጭ አስቀረን። የእናቴ የስኳር መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ብለምነው፣ ብሰድበው ያንኑ ይደግማል።

የባለቤቱን ስም ያገኘሁት ከእድራችን ጸሐፊ ነው፤ የእድር መዝገብ ዛሬም በእጅ ይጻፋል። ጋሽ ወርቅአፈራው፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።

«ተከራይዎ ነኝ» አልኳቸው። «እናቴ መርፌዋን እስከ ቀትር ካልተወጋች...»

ወጥተው በራቸውን ዘጉና፣ እንዳይሰማን ራቅ አደረጉኝ።

«የጓሮው በር መቀርቀሪያው ላላ ያለ ነው። በሩን ከሥር ከፍ አድርገሽ ግፊው።»

«መጥተው ይዘዙት እንጂ! ቤቱ የእርስዎ አይደል?»

«ስድስት ዓመት ለመንኩት፣ ልጄ።» ከዘራቸውን አነሱ። «ከተከፈተልሽ እኔንም አስገቢኝ።»