የእትዬ አስካለ ጆንያ

«የእትዬ አስካለ ቆሎ መርዝ አለበት» ይላል ይበልጣል ላገኘው ሁሉ። እሱም ቆሎ ሻጭ ነው፤ ወሬውን ከሆዱ የፈጠረው ደንበኞቿን ለመንጠቅ ነበር።

ወሬው የደረሳት የጤና ተቆጣጣሪ መጥታ አስካለ ገና ከገዛችው ጆንያ ስንዴ ለምርመራ ወሰደች። አስካለ ግን ውጤት አልጠበቀችም፤ ከዚያው ጆንያ ቆልታ ሰፈሩ እያየ እፍኝ እፍኙን ቃመችው። «እንግዲህ መርዙ ይግደለኝ፣ አንተ ቀናተኛ።»

ሲነጋ ሞታ ተገኘች።

«ምላሰ ጥቁር፤ አፍህ በላት» አሉት የዕድር ሴቶች። ይበልጣልም ምላሱ የገደላት መሰለው። ሊክሳት ብሎ ጆንያዋን ተሸክሞ ለቅሶው ድንኳን አስገባ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉት። «ለነፍሷ ዝገኑ» እያለ ለለቀስተኛው አደለ፤ ራሱም እስኪጠግብ በላ።

ሰፌዱ ባዶ ሲሆን ተቆጣጣሪዋ ደረሰች። «ስንዴው በነቀዝ መድኃኒት የታሸ ነው» አለች፤ «ማንም እንዳይቀምሰው።»