ገና ሳይወለድ

ሉቺያ በቀዶ ጥገና ከወለደች ሰዓት አልሞላትም፤ ከወገቧ በታች ደንዝዟል። ሐኪሙ «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ ሕፃኑን ለአባቱ ለኤርሲዶ አሳቀፈው። ውጭ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ የሕፃኑ እግሮች ግን ቀዝቅዘው ነበር።

«አጥምቀው» አለችው። «በኛ በካቶሊኮች ሞት ሲቀርብ ቄስ አያስፈልግም፣ ማንም ያጠምቃል። ውሃው ያው አጠገብህ።»

ኤርሲዶ ጠርሙሱን አየው እንጂ አላነሣውም። «ሉቺ፣ እግዚአብሔር የራሱ የሆኑትን ገና ዓለም ሳይፈጠር መርጧቸዋል። ውሃ ምን ይጨምርለታል?»

«ካልጨመረ አይቀንስበትማ! እሱ ለሁሉም የዘረጋውን እጅ የምታጥፈው አንተ ማነህ?»

ነርሷ ናፊሳ አላስችላት አለ። «ጋሼ፣ እኔ ላፍስስለት? ወላሂ እናት ናት፣ ልቧ ይረፍ።»

«አዎ፣ የኔ እህት፣ እስላምም ብትሆኚ ትችያለሽ!» ሉቺያ ከትራሱ ቀና ለማለት ታገለች። «የጥምቀቱን ቃል እኔ እነግርሻለሁ።»

ኤርሲዶ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ጀርባውን ሰጣቸው። አሥር ዓመት በወንጌላዊነት ያስተማረውን በገዛ ልጁ ሊሽር አልፈለገም። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ትንሿ ደረት መነሣት አቁማለች።

ሲዞር ሉቺያ ከፊቱ አነበበችው። አላለቀሰችም።

«እሺ፣ የኔን ከለከልከው» አለች። «እንግዲያው ያንተን ስጠኝ። ተመርጧል በለኝ።»

ኤርሲዶ አፉን ከፈተ። ማን እንደተመረጠ ሰው ሊያውቅ አይችልም ብሎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ዓይን ዓይኑን እያዩ ጠበቁት።