የአራጋው አራተኛ እናት

ሙንዚር ስለ ዳታ ማውራት ከጀመረ ማን ያቆመዋል! ምሳ ሰዓት ላይ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ፣ «ወረቀት ድሮ ቀረ! ዘንድሮ ሁሉም ድርጅት ፋይሉን ደመና ላይ ሰቅሎ በዳታ ነው የሚወስነው» ይላል። የኮምቦልቻው የክር ፋብሪካም በእሱ ጉትጎታ የብረት ሣጥኖቹን አስወጥቶ አዲስ የመረጃ ትንተና ሶፍትዌር አስገባ። የአራት ሺህ ሠራተኛ የሃያ ዓመት ፋይል አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ።

የገለበጠው እሱ ራሱ ነው። ዓመት ስለፈጀበት ለሁለት ዒድ አገሩ ኩታበር አልሄደም። የቀብር ፈቃዶቹ ላይ ሲደርስ ሶፍትዌሩ የሚቀበለው አምስት ዓይነት ዘመድ ብቻ ሆነ፦ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ የትዳር ጓደኛ። ወረቀቱ ላይ ግን አክስቴ ያለም፣ ያሳደገችኝ ያለም፣ ጎረቤቴ ያለም ነበር። ሙንዚር ለአክስቷም ለአሳዳጊዋም «እናት» እያለ፣ ለሁሉም የሚቀርበውን እየመረጠ አለፈ። ያን ሁሉ ወረቀት እያንዳንዱን ማን ይጨነቅበታል!

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ቡዜ አላመኑም።

«ያንተ ኮምፒውተር እስካሁን አንድ አጭበርባሪ አልያዘልንም» አሉት። «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ነገር አሳየኝ። አለዚያ ወደ መዝገባችን እንመለሳለን።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ የፈተል ክፍሉ አራጋው እያለከለከ ቢሮው ገባ። ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ማሽን ላይ ቆሞ ስድስት ልጅ ያሳደገ። እሱም የኩታበር ሰው ነው፣ ያውም የሙንዚር የመንደሩ ሰው። ሙንዚር ግን ለአገሩ ልጅ ያደላል እንዳይባል ከሩቁ ነበር የሚሸሸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ምን ነበር፣ ጋሼ አራጋው?»

አራጋው አልተቀመጠም። በፌስታል የያዘውን ሁለት ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቁርስ በልተሃል? እንካ፣ መጀመሪያ ይቺን ቅመስ።»

ሙንዚር በሆዱ ሳቀ። ጉቦው ሳምቡሳ ነው!

«ሥራ ይዣለሁ። ጉዳይዎን ይንገሩኝ።»

«የቀብር ፈቃድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዙህር ተሰግዶ ነው የሚቀበረው፤ አሁኑኑ ካልወጣን አንደርስም። መኪናም በር ላይ ቆሟል።»

«ማን ሞተብዎት?»

አራጋው መሬት መሬት አየ። «እ… እናት በለው።»

ሙንዚር የአራጋውን ስም ጻፈ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። በ2012 እናት። በ2014 እናት። በ2016 እናት። ጉድ በል ያገር ሰው! ሙንዚር ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ከንፈሩን ነከሰ። ሲፈልገው የከረመው ሰው በገዛ እግሩ መጣለት።

«እናት ስንቴ ነው የምትሞትብዎት?»

«ምን አልክ?»

«ሦስት ቀብረዋል። ይቺ አራተኛዋ ናት። ወረቀት ቢሆን ያልፍልዎት ነበር፤ ይሄ ግን አይረሳም። ለመሆኑ የአሁኗ ስማቸው ማን ይባላል?»

አራጋው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የሟቿን ስም እንኳ አላዘጋጀም! እንዲህ ያለ ሰነፍ ውሸታም ሙንዚር አይቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ይሄን ኋላ እናወራዋለን» አለ አራጋው። «አሁን ተነስ፣ በር ድረስ አብረን እንውጣ። የሚጠብቁን ሰዎች አሉ። የውጭ ሰው አይገባም ብለው ከለከሏቸው።»

«ሰው ሰብስበው መጡብኝ?»

«ኧረ አይደለም፣ ወላሂ!»

«እኔና እርስዎ ውጭ የምንነጋገረው የለም። ይሄ ደግሞ ከሥራ ያስባርራል።»

«አባርረኝ!» አራጋው ክንዱን ያዘው። «ወላሂ አልከስህም፣ ቅርም አይለኝ። ብቻ አሁን ከእኔ ጋር ውጣ።»

ሙንዚር ክንዱን መንጭቆ ጥበቃዎቹን ተጣራ። ዳምጤና ባልደረባው መጥተው ሰውየውን ግራና ቀኝ ያዙት። አራጋው በሩ ላይ ዞሮ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «አንተ ልጅ፣ ዕድሜ ልክህን ትጸጸታለህ» አለ። ሙንዚር እሱንም አልተወም፤ «ዛቻ» ብሎ መዘገበው።

ከዚያ በኋላ የአራጋው ቁጥር ሦስት ጊዜ ደወለ። ሊለምነኝ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወይዘሮ ቡዜ የስንብቱን ደብዳቤ አራት ሰዓት ላይ ፈረሙ። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ፊርማ አለቀ። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ በቃ።» ሙንዚር መሬት አልበቃችውም። እናታቸውን ሁለቴና ሦስቴ የቀበሩ ሌሎች አሥራ አንድ ሠራተኞች አወጣ። ምሳ ለመውጣት እንኳ ጊዜ ስላጣ የአራጋውን ሳምቡሳ እዚያው በላው። ቀዝቅዞም ይጣፍጥ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ዳምጤ ከደንቡ ውጭ አራት ሽማግሌዎች ይዞ ገባ፤ ሙንዚርን ቀና ብሎ አላየውም። የሰዎቹ ጫማ አፈር በአፈር ሆኗል። ፊት የቆሙት አጎቱ ሼህ የሱፍ ናቸው።

«አጎቴ! ምን እግር ጣላችሁ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

«መርዶ በስልክ አይነገርምና አራጋው ይዞህ ይመጣል ብለን ጀናዛውን እስከ ዙህር አቆየነው» አሉ ሼህ የሱፍ። «አልሆነም፣ ልጄ። እናትህን ቀበርናት።»