ቤታችን ከላይ ሲታይ

ሰሌዳ ላይ የተሳለው ካርታ ለማንም አልገባ አለ። ስለዚህ የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት ላፕቶፗን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ፣ ሰፈሩን ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየች። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ቤታቸውን ይፈልጋሉ።

«ቲቸር፣ እኔ ቤሩትን ነው የምፈልገው። እማዬ ያለችው እዚያ ነው» አለች ሶልያና።

«መጀመሪያ የራስሽን ቤት አግኚ፤ ከዚያ ቤሩትን አሳይሻለሁ።»

ልጅቷ ከኳስ ሜዳው ጀምራ መንገዱን በጣቷ ተከተለች። የጎረቤታቸውን ቀይ ጣሪያ እንዳለፈች ቆመች። የእነሶልያና ደጅ ላይ መንገዱን የዘጋ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሏል።

«የልቅሶ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ሶልያና ቦርሳዋን እንኳን ሳታነሳ ወደ በሩ ሮጠች። «አያቴ ናት። ጠዋት አሟት ነበር።»

መምህርቷ ደርሳ እጇን ያዘቻት። «ፎቶው የዛሬ አይደለም፣ የኔ ልጅ። የተነሳበት ቀን ከታች ተጽፏል፤ ካቻምና ኅዳር ነው። አያትሽ ደህና ናቸው።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ትንሽ አሰበችና ፊቷ ፈታ አለ።

«ለዚህ ነዋ ድንኳኑን ያላየሁት። ካቻምና ኅዳር እኮ እማዬ ቤሩት የሄደች ጊዜ ነው። እኔን አክስቴ ደብረ ብርሃን ወስዳኝ ነበር።»

መምህርቷ ወደ ላፕቶፑ ተመልሳ ቀኑን ደግማ አነበበች።

«ቲቸር፣ አሁን ቤሩትን አሳዪኝ።»