ሁለት ሺህ ስንት

«አሁንስ?» አለ ሹፌሩ፣ የሞተሩን ነዳጅ መስጫ ዘንግ በጣቱ ነካ አድርጎ።

«አሁን ጥርሴን ነዘረኝ» አለች ሚስቱ፣ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ደገፍ ብላ እንደተቀመጠች። «የላይኛውን ብቻ።»

ሹፌሩ ዘንጉን መለስ አደረገው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ይህችን ባለሸራ ጀልባ ከአንድ ሽማግሌ ጥርስ ሐኪም ገዛ። ዛሬ ነፋስ የሚባል የለም፤ ሸራው እንደተጠቀለለ ነው፤ የሚሠራው የናፍጣ ሞተሩ ብቻ ነው። ሚስቱ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የኖረች ሴት ናት፤ ጩኸት አይሆንላትም። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ቁርጡን ነግራዋለች። ሞተሩ እየሠራ ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ከወሰዳት ጀልባዋ ትቀራለች። ካልወሰዳት ነገ የሽያጭ ማስታወቂያ ይለጥፋል።

ቀላል መስሎት ነበር። መካኒኩ «ናፍጣ እሹሩሩ አይወድም፤ ጠበቅ አድርገህ ንዳው» ብሎታል። ጥርስ ሐኪሙ «ሞተሩን በደቂቃ ከሁለት ሺህ ዙር እንዳታሳልፈው፣ አደራህን» ብሎታል። ጀልባ ረግጦ የማያውቀው የሚስቱ ወንድም «መሃል ላይ አድርገው» ብሎታል፤ የምን መሃል እንደሆነ ግን አልተናገረም። የዙር መቁጠሪያው መርፌም ቢሆን አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፤ መቶ ወዲህ፣ ሁለት መቶ ወዲያ ሲል ይውላል።

ዝቅ ሲያደርገው ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ማውራት ጀመሩ።

«ምን አገኘን ይላሉ እነሱ ደግሞ?» አለች።

ከፍ ሲያደርገው የጀልባዋ ቂጥ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ፤ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄ ነው ግራ ያጋባው። አውቶቡስ ሲሆን ትረግጣለህ፣ ይሄዳል። ይህቺ ግን በጨመሩላት ቁጥር ከኋላዋ ውሃ ትቆልላለች እንጂ ወዴትም አትልም።

«ነዳጁ የት ነው የሚገባው?» አለ ለራሱ።

«ጆሮዬ ውስጥ» አለች ሚስቱ።

ቀነሰ። «አሁንስ?»

«የጎረቤት ወፍጮ።»

ትንሽ ጨመረ። «አሁንስ?»

«የሩቅ ወፍጮ።»

«ተሻለ ማለት ነው?»

«ወፍጮ ነው አልኩህ እኮ።»

የፀጉር ያህል ገፋው። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። ጭሱ ጠፋ። «አሁንስ?»

ዞር ሲል ዓይኗ ተከድኗል፤ አፏ ገርበብ ብሏል። ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ መርፌውን አየ፤ ሁለት ሺህ ስንት ላይ እንዳሉ ሊነግረው ፈቃደኛ አልነበረም። እጁን ከዘንጉ ላይ፣ እንቅልፍ ከወሰደው ሕፃን ላይ እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ ብሎ አነሳ።

ሃያ ደቂቃ እንደሞላ የሚያርፉበት ወደብ አፍ መጣ። ለመግባት መቀነስ አለበት፤ ከቀነሰ ድምፁ ይለወጣል፤ ድምፁ ከተለወጠ ትነቃለች። አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። የወደቡ ዘበኛ የግንቡ ጫፍ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ይለዋል። ሹፌሩ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠውና አለፈ።

ወደቡ በስተቀኝ ወደ ኋላ ሲቀር ከጀርባው ኮሽታ ሰማ። ሚስቱ ዓይኗን እንደጨፈነች በአንዱ እግሯ የሌላውን ጫማ ገፍታ አወለቀች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ እግሮቿን አግዳሚው ላይ ዘረጋች።

የተኛ ሰው ጫማ ያወልቃል እንዴ? ሊጠይቃት አሰበና መሪውን ይዞ ቀጠለ። ፊት ለፊት ባሕር እንጂ ሌላ አይታይም። ጫማዎቹ ወለሉ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይንቀጠቀጡ ቆመዋል።